የአባባ ኢኖክ አንዲት ድምፅ

ስቶድበሪ፣ ኒው ሃምፕሸር
ኦክቶበር 2

ይድረስ ለተከበሩት እትዬ ሎቪና፣ ዉስተር ከተማ ሦስተኛ ፎቅ ወጥተው መውረድ ለጠሉት፤

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? ልብዎስ፣ ጉልበትዎስ፣ ያቺ ሰው የማትወድ ድመትዎስ? እኛ ሁላችን ደህና ነን። የታመመ ቢኖር ስልካችን ነው፤ ጠዋት ማታ ይጮኻል። የፕሬዚዳንት ምርጫ ሲደርስ፣ ማን እንደሚያሸንፍባት ስለማይታወቅ፣ ኒው ሃምፕሸር ሙሽራ ትሆናለች፤ አገር ምድሩ ደጇ ላይ ይሰለፋል። እራት ላይ ስንቴ ቢደወል አንዱም "ጆሲን አቅርቡልኝ" አይልም። እኔ አሥራ ስድስት ዓመት የሞላው ጭንቅላት ይዤ ድምፅ የለኝም፤ አያቴ አባባ ኢኖክ ግን መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን እየፈለገ ድምፅ አለው። ቅናት ነው ካሉኝ አዎ፣ ቅናት ነው።

ትናንት በቴፕ የተቀዳ የምረጡኝ መልእክት ተደወለለት። አባባ የተቀዳ መሆኑን ስላላወቀ "ቆይማ አንተ ልጅ፣ መጀመሪያ እኔ ልጠይቅህ" እያለ ሲከራከረው ቆየ። ስልኩን ሲዘጋ "ይሄኛው ትዕቢተኛ ነው፤ የሰው አፍ አያስጨርስም" አለን።

ረጅሙ ሰውዬም መጥቶ ነበር፤ የእርስዎ ሰው፣ የመድኃኒት ዋጋ አወርዳለሁ የሚለው። እሳት አደጋ ጣቢያው ውስጥ ከሕዝቡ ጋር ፓንኬክ በላ። አባባ ተጠግቶ "የወረቀት ፋብሪካው ወንዛችን ላይ ስለሚደፋው ቆሻሻ ምን ታስባለህ?" ቢለው "ግሩም ጥያቄ ነው" አለና ሽሮፕ ፍለጋ ሄደ። በቃ፣ አለቀ። አባባ ዘንድሮም ለሦስተኛው ፓርቲ፣ እኛ ቤት "የወንዙ ሰውዬ" ለምንለው ድምፁን ሊሰጥ ቆርጧል። እንደሚያውቁት በከተማችን ለዚያ ፓርቲ በየምርጫው የሚወጣው ድምፅ አንድ ነው፤ የማን እንደሆነ ውሻው ሁሉ ያውቃል። የምርጫው ሰብሳቢ ሚስተር ፓይክ ቆጠራውን ጮክ ብሎ ሲያነብ "ሦስተኛው ፓርቲ፣ አንድ" ካለ፣ አባባ ብድግ ብሎ ባርኔጣውን ያነሣል። ሕዝቡ ያጨበጭባል። እማማ ቬልማ ፊቷን በመሀረብ ትሸፍናለች።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። በዚህ ኖቬምበር መጨረሻ ለምስጋና ቀን በዓል ይምጡ። ለመጨረሻ ጊዜ ሲመጡ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ እርስዎና አባባ ስትጣሉ ከጠረጴዛው ሥር ተቀምጬ የቱርክ ዶሮ እግር እየጋጥኩ ሁሉንም ሰምቻለሁ። አባባ ግን በየዓመቱ የእርስዎን ወንበር ከጣራ ሥር ዕቃ ቤት አውርዶ ይወለውለዋል። "ለእንግዳ ቢያስፈልግ ብዬ ነው" ይላል። እንግዳ መጥቶልን አያውቅም።

እጅዎን የምትስም፣
ጆሲ ትራስክ

—

ዉስተር፣ ማሳቹሴትስ
ኦክቶበር 9

ለወንድሜ የልጅ ልጅ፣ ለውዷ ጆሲ፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፤ ከዕድሜው ጋር ትንሽ ጨዋነት ጣል ያድርግበት። ድመቴ ደህና ናት። ሰው አትወድም ያልሽውን ባነብላት አልተቀየመችም፤ እውነት ስለሆነ።

ስልካችን ታሟል አልሽኝ? የኔ ሞቷል። አንድ ግዛት ያለውን ሁሉ ለአሸናፊው ነው የሚሰጠው፤ እዚህ ረጅሙ እንደሚያሸንፍ ደግሞ ትናንት የተወለደ ሕፃንም ያውቃል፤ ስለዚህ ረጅሙም ደክሞ አይመጣም፣ ያ ባላጋራው ፈገግተኛውም ተስፋ ቆርጦ አይመጣም። ሃምሳ ዓመት ስመርጥ በሬን ያንኳኳ እጩ የለም። አንዴ ተንኳኳና ፀጉሬን አበጥሬ ብከፍት የታችኛዋ ጎረቤቴ ሽንኩርት ልትበደር ነው። የኔ ድምፅ በጥንቱ አመፅ ቦስተን ወደብ ላይ እንደተደፋው ሻይ ነው፤ ባሕሩ አልጣፈጠ፣ እኔም አልጠጣሁት።

ኢኖክን ተመልከቺልኝ እንግዲህ! አገር የሚለማመጠውን ድምፅ በእጁ ይዞ ለዓሣ ይሰጠዋል። ከልጅነታችንም እንዲሁ ነው። እናታችን ትልቁን ቁራሽ ለሱ ትሰጠዋለች፤ እሱ ለውሻ ይወረውረዋል፤ እኔ ትንሿን ጨብጬ ውሻውን አያለሁ።

ወንበሩን መወልወሉን ይተው። አልመጣም። ከጠረጴዛ ሥር ሆነሽ ብትሰሚም ዶሮ እየጋጥሽ ስለነበር ልድገምልሽ። ያን ዓመት ባሌ ዋልተር ክኒኑን በቢላዋ እየከፈለ በግማሽ ይውጥ ነበር፤ እንዲበረክትለት። ኢኖክን "ስለ ዋልተር ብለህ አንዴ መድኃኒት የሚያረክሰውን ሰው ምረጥ" ብዬ ለመንኩት። "ኅሊናዬ አይፈቅድም" አለኝ። የእናንተ ግዛት በጥቂት ሺህ ድምፅ አመለጠችን፤ ለሦስተኛው ፓርቲ የተሰጠው ደግሞ የዚያ ሦስት እጥፍ ነበር። በእናንተ አንዲት ግዛት መጉደልም የአገሩን ምርጫ ተሸነፍን። በጸደይ ዋልተርን ቀበርኩት። የኢኖክ አንዲት ድምፅ ገደለችው አልልም፤ እንደዚያ የሚል ሞኝ ነው። ግን ወንድሜ ነበር። ለምኜው ነበር።

አሁን እኔም የልቤን ክኒን መክፈል ጀምሬአለሁ። ይህን ለኢኖክ እንዳትነግሪው።

አንዴ፣ አንዴ ብቻ ስለ እኔ ብሎ ቢመርጥ በእግሬም ቢሆን እመጣለሁ።

ቬልማን ሰላም በይልኝ። የዱባ ፓይዋ አሁንም መሐሉ ላይ ይሰምጣል?

አክስትሽ ሎቪና

—

ስቶድበሪ
ኦክቶበር 15

ይድረስ ለእትዬ ሎቪና፣ የባሕሩ ሻይ እመቤት፤

ጤና ይስጥልኝ ብዬ፣ የለመኑልኝን ጨዋነት እስካገኝ ድረስ እንዲሁ እንደሆንኩ ልቀጥል። "እንዳትነግሪው" ያሉኝን ነገርኩት። ይቅርታ አልጠይቅም፤ ሰው ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ምስጢር ጽፎ በፖስታ ከላከ እንዲወራለት ፈልጎ ነው።

ግን መጀመሪያ ቁርስ ላይ ያዝኩት።

"አባባ፣ የወንዙ ሰውዬ ያሸንፋል?"

"አያሸንፍም።"

"ታዲያ ለምን ትመርጠዋለህ?"

"በመላው አገር ከመቶው አምስቱን ካገኘ፣ ፓርቲው በሚቀጥለው ምርጫ ከመንግሥት እርዳታ ያገኛል። ያኔ ስለ ወንዙ የሚጮኽ ትልቅ አፍ ይኖረናል።"

"ያ ድምፅ ከየትኛው ግዛት እንደመጣ ለውጥ አለው?"

ማንኪያው አየር ላይ ቆመ። "የለውም።"

"እትዬ ሎቪና ዘንድ ረጅሙ በሰፊ ልዩነት ነው የሚያሸንፈው፤ የእሳቸው ድምፅ ቢጎድልበት አይሰማውም። እሳቸው እዚያ ለወንዙ ይስጡልህ፤ አንተ እዚህ ለረጅሙ ስጥላቸው። ወንዝህ አንዷን ድምፁን አላጣ፣ ረጅሙ በምታስፈልገው ቦታ አንድ አገኘ።"

"ይሄን ተንኮል ማን አስተማረሽ?"

"ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ላይ አየሁት። ጨርሶ የማይተዋወቁ ሰዎች ከግዛት ግዛት ይቀያየራሉ።"

"የማይተዋወቁማ ይተማመናሉ! ይቺ እኮ እህቴ ናት!"

ያኔ ነው ስለ ክኒኑ የነገርኩት። አጃውን ሳይጨርስ ተነሣና ዓሣ ማጥመጃ ዕቃዎቹን ወደሚያስቀምጥበት ጎጆ ሄደ። ሲመለስ በመዳፉ ላይ ከቆቅ ላባ የሠራት አንዲት መንጠቆ ነበረች፤ ዓሣ ዝንብ መስላው የሚታለልባት። ጫፏን በቡሽ ሸፍኗታል። "ላኪላት። አባታችን ቃሉን ለሰው ሲሰጥ ላባ ነበር የሚሰጠው። እሷ ታውቃለች" አለኝ። "ደግሞ የዱር ወይን ማርማላታዋን ይዛ ትምጣ በያት። ያለ ማርማላታ ቅያሪ የለም።"

ይኸው ላባዋ ፖስታው ውስጥ ናት፤ ጣትዎን እንዳትወጋዎ።

እማማ ቬልማ ይህ ሁሉ ሲሆን እንቁላል እየጠበሰች ነበር። መጥበሻውን ምድጃው ላይ ስታስቀምጠው ግን የቤተ ክርስቲያን ደወል የተደወለ መስሎኝ ነበር።

ድልድይ መሆን የሰለቻት፣
ጆሲ

—

ዉስተር
ኦክቶበር 25

ለወሬኛዋ ጆሲ፤

የሰማይ አምላክ ምላስሽን ያሳጥርልሽ፤ ሌላው ሁሉ ባለበት ይቆይልሽ።

ላባዋ ደርሳኛለች። ሳያት አባታችን ታየኝ፤ ወንዝ ዳር ቆሞ ላባ አስተሳሰር ለኢኖክ ሲያሳየው። ለኔ አላሳየኝም። "ሴት ልጅ በመንጠቆ ምን ታደርጋለች?" አለ። በሰባ ምናምን ዓመቴ መጀመሪያ የተሰጠችኝ ላባ ይህቺ ናት።

እሺ። እዚህ ለወንዙ ሰውዬ እሰጣለሁ። ሰውዬውን አልወደውም፤ ኮቱ ተተኩሶ አያውቅም። ግን ቃሌ ቃል ነው። በመያዣ የምልከው የለኝም፤ የሎቪና ትራስክ ቃል መያዣ አያሻውም።

የኢኖክ ነው የሚያሳስበኝ። መጋረጃው ከተዘጋ በኋላ ኅሊናው አብሮት ይገባል። ስለዚህ አንቺ አዳራሹ ውስጥ ቆይተሽ ቆጠራው ሲነበብ ስሚልኝ። ለሦስተኛው ፓርቲ "ምንም" ከተባለ፣ ከምስጋና ቀን በፊት ባለው ረቡዕ አውቶቡስ ላይ ነኝ። "አንድ" ከተባለ ግን አትድከሚ፤ አትጻፊልኝም።

ደግሞ እናንተ ዘንድ ስንት ጊዜ ተደወለ? ረጅሙስ ተመልሶ መጣ? ሁሉንም ጻፊልኝ። ማወቄ ያናድደኛል፤ አለማወቄ ይብሳል።

ቬልማ እንቁላል ስትጠብስ የሰማችው ይበቃታል፤ ስለ ቅያሪው ሌላ እንዳትነግሪያት። የኔና የወንድሜ ጉዳይ ነው።

ሎቪና

—

ስቶድበሪ
ኖቬምበር 8

ይድረስ ለእትዬ ሎቪና፤

ዛሬ ሰላምታዬ አጭር ነው። እባክዎ እስከ መጨረሻው ሳያነቡ ፖስታውን አይቅደዱት።

ትናንት አዳራሹ ሞልቶ ነበር። እማማ ከሴቶቹ ጋር የባቄላ እራትና ፓይ ታድላለች። አባባ ከጠዋት ጀምሮ እሑድ የሚለብሰውን ሸሚዝ ለብሷል። መጋረጃው ውስጥ ገብቶ በጣም ቆየ፤ ጥርስ የሚነቀል ሰው ይመስል ነበር። ሲወጣ ወረቀቱን የእንጨቱ ሣጥን ውስጥ ከተተና ወደኔ ዞሮ "ተፈጸመ። እግሬን ያመኛል" አለ። እግሩ ከዚህ ጋር ምን እንዳገናኘው አላውቅም።

ቆጣሪዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ቆጠሩ። ሚስተር ፓይክ ወረቀቱን ከአፍንጫው አርቆ አነበበ፤ ስማቸውን ነው የጠራው፣ እኔ ግን በቤታችን ስም ልጻፈው። "ፈገግተኛው፣ መቶ አሥራ ዘጠኝ። ረጅሙ፣ መቶ አራት። ሦስተኛው ፓርቲ" ብሎ ቆመና አባባን አየው፤ ሁልጊዜም እዚህ ጋ ይቆማል፣ ይጫወታል። "አንድ!"

አዳራሹ አጨበጨበ። ሁሉም ዞሮ ባርኔጣውን ጠበቀ።

ባርኔጣው አልተነሣም።

"እንደገና ቁጠር" አለ አባባ።

"ኢኖክ፣ ሁለት ጊዜ ቆጥረናል።"

"ያቺ ድምፅ የኔ አይደለችም!"

"ታዲያ የማን ናት? የውሻህ?"

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። አባባ አልሳቀም። እትዬ፣ ይህን ሰው ሲዋሽ አይቼዋለሁ፤ ያመለጠው ዓሣ ምን ያህል እንደነበር ሲናገር። ሲዋሽ እጁን ይዘረጋል። ትናንት እጁ ኪሱ ውስጥ ነበር። ደግሞ ባርኔጣው አልተነሣም። እኔ ለረጅሙ መስጠቱን አምናለሁ።

እቤት ስንገባ ቴሌቪዥኑ ግዛታችን በጥቂት ሺህ ድምፅ ለፈገግተኛው እንደሄደች ተናገረ፤ የወንዙ ሰውዬ ያገኘው ከልዩነቱ ይበልጣል። አገሩንም ፈገግተኛው ወሰደው። አባባ ስለ ፕሬዚዳንቱ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። "ማነው ቦታዬን የወሰደው?" እያለ ከምድጃው እስከ መስኮቱ ይመላለሳል። "አርባ ዓመት ብቻዬን የያዝኩትን ቦታ! ማነው?" ሰው በአንድ ድምፅ እንዲህ ሲቀና አይቼ አላውቅም። እማማ አንዲት የፓይ ሳህን ይዛ ቆማ አጠበች፣ አጠበች፤ የተሳለባት ጽጌረዳ ከሳህኗ ላይ ሊለቅ ምንም አልቀረው።

እባክዎ ይመኑኝ። ወንበሩ ወርዷል፤ ተወልውሏል።

ጆሲ

—

ስቶድበሪ
ኖቬምበር 13

እትዬ ሎቪና፤

ፖስታዎ ደረሰ። ደብዳቤ የለበትም፤ ላባዋ ብቻ ናት። ቡሹ እንኳ ከጫፏ ላይ ተነሥቷል፤ የአባባን አውራ ጣት ወጋችው።

ወንበሩን መልሶ ወደ ጣራ ሥር ወሰደው። አንድ እጁ በከዘራ፣ አንድ እጁ በወንበር፤ "ልያዝልህ" ብለው "እኔ ነኝ ያወረድኩት" አለኝ።

ሌላ የምጽፈው የለኝም። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አልመጣልኝም፤ ልብ ይበሉልኝ።

ጆሲ

—

ስቶድበሪ
ኖቬምበር 16

ይድረስ ለእትዬ ሎቪና፤ ተቀምጠው ያንብቡት፤

ሌባው ተገኘ።

አባባ ሰሞኑን ከተማውን ሙሉ ሲሰልል ነበር። ሱቅ ውስጥ የሰው ቅርጫት እያየ "ይሄ ሰው ለወንዝ ድምፅ የሚሰጥ ይመስላል?" ይለኛል። መጨረሻ ላይ ጥርጣሬው አዲሱ የእንስሳት ሐኪም ላይ አረፈ። ማስረጃው ሁለት ነው፦ ጺም አለው፣ ፍሬ የተበተነበት ዳቦ ይገዛል። ስለዚህ ውሻችን ታሟል ብሎ ትናንት ከሰዓት በኋላ እቤት ጠራው። ውሻው ከሁላችንም ጤነኛ ነው።

ሐኪሙ ተንበርክኮ የውሻውን ጆሮ ያያል፤ አባባ ከላይ ቆሞ ይመረምረዋል።

"ዶክተር፣ ወንዝ ትወዳለህ?"

"መዋኘት አልችልም።"

"ዓሣስ?"

"ብበላው ያሳክከኛል።"

"አትደብቀኝ! ምርጫ ላይ አንተ..."

"ተወው ሰውዬውን!" አለች እማማ ቬልማ። እጇ ሊጥ በሊጥ ነው። "እኔ ነኝ። ድምፅህን የወሰድኩት እኔ ነኝ።"

ውሻው ጠረጴዛው ሥር ገባ። እኔም ልከተለው አስቤ ነበር፤ ልማዴ ነው።

"አንቺ?" አለ አባባ። "አንቺ እኮ ሁልጊዜ የነረጅሙን ፓርቲ ነው የምትመርጪው! የወንዙን ሰውዬ አትወጂውም!"

"ዓይኑን ማየት አልወድም! ኢኖክ፣ አርባ ዓመት ለምኜሃለሁ። 'ስለ እኔ ብለህ አንዴ ከሰው ጋር ምረጥ፤ ያን ባርኔጣ በሰው ፊት አታንሣብኝ' ብዬሃለሁ። 'ኅሊናዬ' አልከኝ። እሺ፣ ኅሊናህ ነው፣ ቻልኩት። እሷ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፈች፤ ኅሊናህ ከላባ ታስሮ በፖስታ ሄደ! እኔ ምንህ ነኝ?"

"ቬልማ፣ ልቧ ታሟል እኮ..."

"አውቃለሁ መታመሙን! ጸልዬላታለሁ። ታዲያ እኔ ጤነኛ በመሆኔ ልቀጣ ነው?"

ሐኪሙ የውሻውን ጆሮ እንደያዘ ቀርቷል፤ ጠረጴዛው ሥር ገብቶ።

እማማ ድምጿ ወረደ። "መጋረጃው ውስጥ ገብቼ ወረቀቱን ስይዝ 'የሰጣትን እወስድባታለሁ' አልኩ። እጄ ሄደ። ደግሞ... ፓይክ 'ምንም' ሲል፣ ያ ሁሉ ሰው ዞሮ አንተን ሲያይ፣ አንተ ባርኔጣህን ይዘህ ቁጭ ብለህ... እሱን ማየት አልቻልኩም።"

አባባ መነጽሩን ከግንባሩ ላይ አወረደ። "ስለዚህ ቦታዬን የያዝሽው አንቺ ነሽ።"

"እኔ ነኝ።"

"ሌላ ሰው ባለመሆኑ ደስ ብሎኛል" አለ። ከዚያ ሊጥ የያዘ እጇን ያዘ፤ እኔም ፊቴን አዞርኩ፤ ሽማግሌዎች እንዲህ ሲሆኑ አላይም።

ሐኪሙ "ውሻው ደህና ነው" ብሎ በጓሮ በር ወጣ።

"ለእትዬ ሎቪና ልጻፍ?" ስል እማማ "ጻፊ። ማን እንዳደረገው በስሜ ጻፊ" አለችኝ። "ፓዬ መሐሉ ላይ ይሰምጣል ያለችውን ግን እንዳታምኚላት።" (ይሰምጣል፤ ግን እኔ አልተናገርኩም።)

እንግዲህ አባባ ቃሉን ጠብቋል። ላባዋን አዲስ ቡሽ አድርጎባት መልሶ ልኮልዎታል። ወንበሩ ገና ላይ ነው። እንደማይመጡ ካወቀ ሦስተኛ ጊዜ አይሸከመውም።

ጆሲ

—

ዉስተር
ኖቬምበር 19

ለጆሲ፤

ምርቃቱን ከታች አድርጌዋለሁ። መጀመሪያ ከአፌ መውጣት ያለበት ነገር አለ።

እኔ አልቀየርኩም።

ትምህርት ቤቱ ስፖርት አዳራሽ ውስጥ ቆሜ እርሳሱን ወደ ወንዙ ሰውዬ ስም አደረስኩት። የዋልተር ቢላዋ ታየኝ፤ ክኒኗ ሳህን ላይ ስትሰበር ድምፅዋን ሰማሁት። እዚህ ረጅሙ የኔን እንደማይፈልጋት አውቃለሁ፤ ከመቶ ሺዎች አንዷ ናት። ግን ማንም ለምኖኝ የማያውቃት ድምፄ ናት፤ ለማልወደው ሰው ልሰጣት አልቻልኩም። ለረጅሙ ሰጠሁ። "ኢኖክም እኮ አያደርገውም" እያልኩ ወጣሁ።

"አንድ" የሚለውን ስትጽፊልኝ ምን እንደተሰማኝ ታውቂያለሽ? እፎይ አልኩ። "ይኸው! እሱም አልጠበቀም!" ላባዋን እንደተበደለ ሰው ቡሿን ነቅዬ መለስኩለት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይላሉ፤ ይሄው ነው።

ቁጭ ብዬ ደመርኩት። ኢኖክ ለረጅሙ አንድ ሰጠ፤ ቬልማ ከረጅሙ አንድ ወሰደች። ለወንዙ የሱ ቀረች፣ የሷ ገባች። እኔ የነበርኩበት ቆምኩ። አንዲት ደብዳቤ ባንጻጻፍም የሚነበበው ያው ነበር። ከሦስታችን መጋረጃ ውስጥ ገብቶ የሚጠላውን ያደረገ፣ ቃሉን የጠበቀ፣ ያ ዓሣ አጥማጅ ብቻ ነው። ትልቁን ቁራሽ ዛሬም እሱ ወሰደው። ልሙት፣ በዚህም ቀንቼበታለሁ።

ረቡዕ በዘጠኝ ሰዓቱ አውቶቡስ እመጣለሁ። ይህን ለኢኖክ አትንገሪው፤ ወሬኛ መሆንሽን አውቃለሁና እለምንሻለሁ፣ ዘንድሮስ አትንገሪው። ራሴ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ እነግረዋለሁ። ሊቆጣ ይችላል፤ ስለዚህ ወንበሩን ሳይሰማ በፊት አስወርጂው፤ አንዱን እግር አንቺ ያዢለት። ቬልማን ከጎኔ አስቀምጪልኝ። በአንድ ግትር ሰው ስንቀናና ስንፋጅ የኖርን ሁለት ሴቶች ነን፤ የምናወራው አናጣም። ፓይዋም መሐሉ ይሰምጥ፤ ማርማላታዬን እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ እንጨምረዋለን።

እግዚአብሔር ለአሥራ ስምንት ዓመትሽ ያድርስሽ፤ ድምፅሽን ስትይዢ ደግሞ ዘመድ ሁሉ ይለምንሽ፤ ያኔ ታውቂዋለሽ።

ላባዋን ካፖርቴ ላይ ሰክቻታለሁ። ኢኖክ ፊቴን ረስቶት ከሆነ በሷ ይለየኝ።

ሎቪና